ሁለተኛው ቦንድ

ጡረታ በወጡ የኬሚስትሪ መምህርና ለኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ፈተና በምትዘጋጅ የፋርማሲ ተማሪ መካከል የተደረገ ምልልስ ነው። ልጅቷ የጎረቤት ልጅ ናት። ርእሱ አልኪን ነው፤ ማለትም በሁለት ካርቦኖች መካከል ድርብ ቦንድ ያለው የሃይድሮካርቦን ቤተሰብ።

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ አልኪን ላይ ያለውን ሁሉ በአንድ ወረቀት አሰባስቤዋለሁ። ሃይድሮጅን ሲጨመር ይሄ፣ ብሮሚን ሲጨመር ያ፤ ሃይድሮጅን ብሮማይድ ከሆነ የማርኮቭኒኮቭ ሕግ፣ ፐርኦክሳይድ ካለበት የሕጉ ተቃራኒ። ከዚያ ደግሞ ውሃ፣ ቦሬን፣ ኦዞን፣ ፐርማንጋኔት። ማታ እሸመድደዋለሁ፣ ጠዋት ስነሣ ግማሹ የለም። እንዴት አድርጌ ልያዘው?

መምህሩ፦ ወረቀቱን ለጊዜው አጥፈሽ አስቀምጪው። የጻፍሽው ልክ ነው። ግን የዝርዝሩ ሁሉ ምንጭ አንድ ቦታ ላይ ነው ያለው፤ እሱን ካወቅሽው ዝርዝሩን ራስሽ ትጽፊዋለሽ። በቁጥር እንጀምር። በሁለት ካርቦኖች መካከል ያለን ነጠላ ቦንድ ለመበጠስ ምን ያህል ጉልበት ያስፈልጋል?

ተማሪዋ፦ በአንድ ሞል 347 ኪሎጁል ገደማ።

መምህሩ፦ ድርቡንስ?

ተማሪዋ፦ 611 ገደማ።

መምህሩ፦ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጫቸውና ያየሽውን ንገሪኝ።

ተማሪዋ፦ ድርቡ ይበልጣል፤ ስለዚህ ይጠነክራል። ቆይ ግን... የነጠላው እጥፍ 694 ነው። ድርቡ እጥፉን አልሞላም፤ 83 ይጎድለዋል።

መምህሩ፦ እንግዲያው ሁለተኛው ቦንድ ለብቻው ስንት ያወጣል?

ተማሪዋ፦ ከ611 ላይ 347 ሲቀነስ 264። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይደክማል ማለት ነው።

መምህሩ፦ ይህን ያዢው። ተማሪ ሁሉ «ድርብ» ሲባል ሁለት እኩል ቦንዶች ይመስሉታል። እኩል አይደሉም። አንደኛው ሲግማ ነው፤ ኤሌክትሮኖቹ በሁለቱ ካርቦኖች መካከል፣ ልክ መስመሩ ላይ ናቸው። ሁለቱም ኒውክለሶች ከግራና ከቀኝ አጥብቀው ይዘዋቸዋል። ሁለተኛው ፓይ ነው። የዚህኛው ኤሌክትሮኖች መስመሩ ላይ የሉም፤ ከመስመሩ በላይና በታች ተዘርግተዋል። ለምን እንደዚያ እንደሆነ ታውቂያለሽ?

ተማሪዋ፦ እያንዳንዱ ካርቦን ሦስት ኤስፒ2 ኦርቢታል ሠርቶ ሲግማ ቦንዶቹን በነሱ ያስራል። የተረፈው ፒ ኦርቢታል ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሁለቱ ፒዎች ጎን ለጎን ሲነካኩ ፓይ ይሆናሉ።

መምህሩ፦ ጎን ለጎን መነካካት ፊት ለፊት እንደመጋጠም አይሆንም። ድክመቱ ከዚያ ነው የሚመጣው። አሁን ኤቲሊንን በዐይነ ኅሊናሽ ሳዪው፤ ሁለት ካርቦን፣ አራት ሃይድሮጅን። ስድስቱም አቶሞች በአንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ናቸው፣ በመካከላቸው ያለው ማዕዘን ወደ 120 ዲግሪ ነው። በኤቴን 154 ፒኮሜትር የነበረው የካርቦኖቹ ርቀት እዚህ 134 ሆኗል። ከገጹ በላይና ከገጹ በታች ደግሞ ልል የተያዘ፣ ለውጭ የተጋለጠ የኤሌክትሮን ደመና አለ። አልኪን ማለት ይህ ነው። የቅርጹም የሪአክሽኑም ታሪክ ከዚህ ይወጣል።

ተማሪዋ፦ ቅርጹ ምን ታሪክ አለው?

መምህሩ፦ አንድ ሚስማር ብቻ የመታሻቸውን ሁለት ጣውላዎች ማዞር ትችያለሽ፤ ሁለተኛ ሚስማር ስትጨምሪበት መዞሩ ይቀራል። በኤቴን ውስጥ ካርቦኖቹ በነጠላው ቦንድ ዙሪያ እንዲዞሩ የሚያስፈልገው 12 ኪሎጁል ገደማ ብቻ ነው፤ በክፍል ሙቀት ያለማቋረጥ ይሽከረከራሉ። በኤቲሊን ግን ለመዞር ፒ ኦርቢታሎቹ መላቀቅ አለባቸው፤ ቅድም ያሰላሽውን 264 የሚያህል ዋጋ መክፈል ግድ ይላል። በክፍል ሙቀት ይህ አይገኝም። ስለዚህ በድርቡ ቦንድ ግራና ቀኝ ያሉት ቡድኖች ባሉበት ይጸናሉ።

ተማሪዋ፦ ሲስና ትራንስ። በአንድ ወገን ከሆኑ ሲስ፣ በተቃራኒ ወገን ከሆኑ ትራንስ።

መምህሩ፦ ይህ በወረቀት ላይ ትንሽ ነገር ይመስላል። እስቲ ስለ ዘይት ልጠይቅሽ። ቤታችሁ የሚረጋ ዘይት ገብቶ ያውቃል?

ተማሪዋ፦ የፓልም ዘይት? አዎ። ጠዋት ሲበርድ ነጭ ሆኖ ይጠብቀናል። እማዬ የኑግ ዘይት ከተገኘ ሌላ አትገዛም፤ የኑግ ዘይት አይረጋም።

መምህሩ፦ ለምን አይረጋም?

ተማሪዋ፦ ያልተሟላ፣ አንሳቹሬትድ ስለሆነ።

መምህሩ፦ እሱ ስሙ ነው። ምክንያቱን ፈልጊ። ሦስት የስብ አሲዶች ልስጥሽ፤ ሦስቱም 18 ካርቦን አላቸው። ስቴሪክ አሲድ ምንም ድርብ ቦንድ የለውም፤ የሚቀልጠው 69 ዲግሪ ላይ ነው። ኦሌይክ አሲድ መሐሉ ላይ አንድ ሲስ ድርብ ቦንድ አለው፤ 13 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። ኤላይዲክ አሲድ በዚያው ቦታ አንድ ድርብ ቦንድ አለው፣ ግን ትራንስ ነው፤ የሚቀልጠው 45 ዲግሪ ገደማ ነው።

ተማሪዋ፦ ኦሌይክና ኤላይዲክ ፎርሙላቸው አንድ ነው። የሚለያዩት በቅርጽ ብቻ ነው፤ ልዩነቱ ግን ከ30 ዲግሪ ይበልጣል!

መምህሩ፦ ለምን ይመስልሻል?

ተማሪዋ፦ ሲስ ሲሆን ሰንሰለቱ መሐሉ ላይ ይታጠፋል። ቦንዱ ስለማይዞር ሊቃናም አይችልም። የታጠፉ ሰንሰለቶች ተጠጋግተው መደርደር ያቅታቸዋል፤ ስለዚህ በቀላሉ ይላቀቃሉ። ትራንስ ግን ቀጥ ያለ ስለሆነ እንደ ስቴሪክ ይደረደራል።

መምህሩ፦ ከኑግ ዘይት የስብ አሲድ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የያዘው ሊኖሌይክ አሲድ ነው፤ ሁለት ሲስ ድርብ ቦንዶች አሉት፣ ሁለት ጊዜ ይታጠፋል። በፓልም ዘይት ውስጥ ግን ምንም ድርብ ቦንድ የሌለው ፓልሚቲክ አሲድ ብዙ ነው። የእናትሽ ምርጫ በዚህ ቅርጽ ላይ የቆመ ነው። ዐይንሽም እንዲሁ። ከቫይታሚን ኤ የሚሠራው ሬቲናል በዐይን ውስጥ በአንድ ድርብ ቦንዱ ላይ ሲስ ሆኖ ይቀመጣል። ብርሃን ሲያርፍበት የዚያን ፓይ ቦንድ ይዞታ ለቅጽበት ያላላውና ወደ ትራንስ ይገለበጣል። ሬቲናሉ ሲቃና የያዘውን ፕሮቲን ቅርጽ ይለውጣል፤ የማየት ምልክት ከዚያ ይነሣል። ጆርጅ ዋልድ በዐይን ኬሚስትሪ ላይ ለሠራው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1967 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። የማይዞር ቦንድ ባይኖር ኖሮ ብርሃኑ የሚያዞረው ነገር አይኖርም ነበር።

ተማሪዋ፦ ቅርጹ ገባኝ። ወደ ወረቀቴ እንመለስ ጋሼ፤ ፈተናው ላይ የሚመጣው ሪአክሽኑ ነው።

መምህሩ፦ እንመለስ። ደካማና የተጋለጠ የኤሌክትሮን ደመና ካለ፣ ማን ወደሱ ይመጣል?

ተማሪዋ፦ ኤሌክትሮን የሚፈልግ። ኤሌክትሮፋይል።

መምህሩ፦ ከመጣ በኋላስ ምን ይሆናል? ደካማው ቦንድ ይጠፋል፣ በምትኩ ሁለት ጠንካራ ሲግማ ቦንዶች ይመሠረታሉ። ብዙውን ጊዜ በዚህ ልውውጥ ትርፍ ጉልበት ይወጣል። አልኪን መጨመር የሚወደው ለዚህ ነው። ከታሪክ ረገድም የመጀመሪያው ምስክር ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1795 አራት የኔዘርላንድ ሰዎች ኤቲሊንን ከክሎሪን ጋር ሲያገናኙ ሁለት ጋዞች ተዋሕደው ዘይት መሰል ፈሳሽ ሰጧቸው። የአልኪኖች የቀድሞ ስም፣ ኦሌፊን፣ ዘይት ሠሪ ከሚለው ሐሳብ የመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ብሮሚንም እንደዚያው ይሠራል።

ተማሪዋ፦ ላብራቶሪ ሠርተነዋል። የብሮሚኑ ቀይ ቡናማ ቀለም አልኪን ሲነካው ወዲያው ይጠፋል። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ብሮሚን ሁለት እኩል አቶሞች ናቸው፣ ቻርጅ የላቸውም። እንዴት ኤሌክትሮፋይል ይባላል?

መምህሩ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ብቻውን ሲሆን አይደለም። ወደ ፓይ ደመናው ሲቀርብ ግን የደመናው ኤሌክትሮኖች የብሮሚኑን ኤሌክትሮኖች ወደ ኋላ ይገፏቸዋል። የቀረበው ብሮሚን ኤሌክትሮን ያንሰዋል፣ የራቀው ይበዛለታል። የቀረበው ሁለቱን ካርቦኖች ድልድይ ሆኖ ይይዛቸዋል፤ የራቀው ብሮማይድ ሆኖ ይሄዳል። ከዚያ ብሮማይዱ ተመልሶ ካርቦኑን ይይዛል። ከየት በኩል ይመስልሻል?

ተማሪዋ፦ አንደኛው ወገን በድልድዩ ተይዟል፤ ስለዚህ ከጀርባ። ለዚህ ነው ሁለቱ ብሮሚኖች በተቃራኒ ወገን የሚገኙት! ወረቀቴ ላይ «አንቲ» ብዬ ብቻ ነው የጻፍኩት።

መምህሩ፦ ድልድይ አለ፣ በሁለት ደረጃ ነው የሚሄደው ስልሽ ዝም ብለሽ አትመኚኝ። ኤቲሊንን የገበታ ጨው በሟሟበት ውሃ ውስጥ ከብሮሚን ጋር ብናገናኘው ምን እንጠብቃለን?

ተማሪዋ፦ ሁለቱ ብሮሚኖች በአንድ ጊዜ የሚገቡ ከሆነ ጨው መኖሩ ለውጥ አያመጣም። በሁለት ደረጃ ከሆነ ግን በሁለተኛው ደረጃ በአካባቢው ያለ ክሎራይድ ቀድሞ ሊገባ ይችላል። አንድ ብሮሚንና አንድ ክሎሪን ያለው ውጤት እናገኛለን።

መምህሩ፦ ይገኛልም። ሁለት ክሎሪን ያለው ግን አይገኝም፤ ክሎራይድ ብቻውን አልኪንን አይነካም። ለምን?

ተማሪዋ፦ ክሎራይድ ራሱ በኤሌክትሮን የሞላ ነው። ደመናው ደግሞ ኤሌክትሮን ነው። መጀመሪያ ኤሌክትሮን ፈላጊ መግባት አለበት።

መምህሩ፦ አሁን የማርኮቭኒኮቭን ሕግ አምጪው።

ተማሪዋ፦ ሦስት ካርቦን ባለው ፕሮፒሊን ላይ ሃይድሮጅን ብሮማይድ ሲጨመር፣ ሃይድሮጅኑ ቀድሞ ብዙ ሃይድሮጅን ወዳለው ካርቦን ይሄዳል፤ ብሮሚኑ ወደ መሐለኛው። «ላለው ይጨመርለታል» እያልን ነው የምንይዘው።

መምህሩ፦ ቭላዲሚር ማርኮቭኒኮቭ በሩሲያ፣ በካዛን፣ የቡትሌሮቭ ተማሪ ነበር። ሕጉን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1869 ገደማ ነው። ኤሌክትሮን የታወቀው በ1897 ነው። ስለዚህ እሱ ያየውን ሥርዓት በትክክል መዘገበ፣ ምክንያቱን ግን ሊያውቅ አይችልም ነበር። አንቺ ታውቂያለሽ፤ ስለዚህ አባባሉን ተዪውና ምክንያቱን ያዢ። መጀመሪያ ወደ ደመናው የሚገባው ማን ነው?

ተማሪዋ፦ ኤሌክትሮን ፈላጊው። የሃይድሮጅን ብሮማይድ ሃይድሮጅን፣ ፕሮቶኑ።

መምህሩ፦ ፕሮቶኑ ዳር ያለውን ካርቦን ቢይዝ፣ ሌላው ካርቦን ኤሌክትሮን ጎድሎት ይቀራል፤ ካርቦካታዮን ይሆናል። መሐለኛውን ቢይዝ ደግሞ ባለ ጉድለቱ የዳሩ ይሆናል። የትኛው ጉድለቱን የተሻለ ይችላል?

ተማሪዋ፦ መሐለኛው። በሁለት በኩል ካርቦኖች አሉት፤ በነሱ ላይ ያሉት ቦንዶች ኤሌክትሮናቸውን በጥቂቱ ያጋሩታል። የዳሩ አንድ ጎረቤት ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ፕሮቶኑ ዳር ላይ ይገባል፣ ጉድለቱ መሐል ላይ ይሆናል፣ ብሮማይዱም ጉድለቱ ወዳለበት ይሄዳል።

መምህሩ፦ ሕጉን ራስሽ አወጣሽው።

ተማሪዋ፦ ግን ጋሼ፣ እዚህ ጋ ነው የምናደደው። ፐርኦክሳይድ ጠብ ሲደረግበት ሁሉም ይገለበጣል። ብሮሚኑ ዳር ላይ ይገኛል። እንዲህ በቀላሉ የሚገለበጥ ከሆነ ምኑን ሕግ ሆነ?

መምህሩ፦ አንቺ ብቻ አይደለሽም፤ ለአሥርት ዓመታት ኬሚስቶችን ያናደደ ነገር ነው። ተመሳሳይ ሪአክሽን በአንዱ ላብራቶሪ አንድ ውጤት፣ በሌላው ሌላ ውጤት ይሰጥ ነበር። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሞሪስ ካራሽና ፍራንክ ሜዮ እ.ኤ.አ. በ1933 መንሥኤውን አሳዩ። አልኪኑ አየር ሲያገኘው በጥቂቱ ከኦክስጅን ጋር ተገናኝቶ ፐርኦክሳይድ ይፈጥራል፤ ውጤቱን የሚገለብጠው ያ ጥቂት ፐርኦክሳይድ ነው። ዕቃው ንጹሕና ትኩስ ሲሆን የማርኮቭኒኮቭ ውጤት ይመጣል። ፐርኦክሳይዱ ምን እንደሚያደርግ ንገሪኝ።

ተማሪዋ፦ ተሰንጥቆ ራዲካል ይሆናል። ራዲካሉ ከሃይድሮጅን ብሮማይድ ላይ ሃይድሮጅኑን ይነጥቃል፤ የብሮሚን ራዲካል ይቀራል።

መምህሩ፦ አሁን ወደ ደመናው መጀመሪያ የሚገባው ማን ነው?

ተማሪዋ፦ ብሮሚኑ። አሁን ፕሮቶኑ ሳይሆን ብሮሚኑ ነው ቀዳሚው። ብሮሚኑ ዳር ላይ ቢገባ ራዲካሉ መሐል ላይ ይሆናል። መሐለኛ ራዲካልም ከዳሩ የተሻለ ይጸናል... ጋሼ! ሕጉ አልተገለበጠም። በሁለቱም ጊዜ ቀድሞ የገባው ዳር ላይ ነው የገባው። የተለወጠው ቀዳሚው ማን እንደሆነ ብቻ ነው።

መምህሩ፦ ይህን ለማየት ሽምደዳ አያስፈልግም። ጉዳዩ ከፈለግሽ ከዚህም ይጠልቃል፤ ይህ መገልበጥ በሃይድሮጅን ክሎራይድ ላይ አይታይም። በክሎሪንና በሃይድሮጅን መካከል ያለው ቦንድ በጣም ጠንካራ ስለሆነ የካርቦን ራዲካሉ ሃይድሮጅኑን በቀላሉ አይነጥቅም፤ ሰንሰለቱ ይቆማል። የቦንድ ጉልበት ሰንጠረዥ ይዘሽ ይህንንም ልታሰይው ትችያለሽ። አሁን ከወረቀትሽ ላይ ቦሬንን አውጪ። የሱስ ሕግ ምን ይላል?

ተማሪዋ፦ የማርኮቭኒኮቭ ተቃራኒ ይላል። በመጨረሻ አልኮሉ ዳር ላይ ይገኛል። ቆይ እኔ ልሞክር። በቦሬን ውስጥ ቦሮኑ በውጭኛው ሽፋኑ ስድስት ኤሌክትሮን ብቻ ነው ያለው፤ ሁለት ይጎድለዋል። ስለዚህ ኤሌክትሮን ፈላጊው ቦሮን ነው። ቀድሞ ደመናውን የሚነካው እሱ ነው፣ ዳር ላይም ይይዛል፤ ዳሩ ሰፊም ነው። ሃይድሮጅኑ ለመሐለኛው ይቀራል። በኋላ ቦሮኑ በኦኤች ሲተካ አልኮሉ ዳር ላይ ሆነ። ሦስቱም አንድ ናቸው!

መምህሩ፦ ኸርበርት ብራውን በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1979 ኖቤል አግኝቷል። ቦሮኑና ሃይድሮጅኑ የሚገቡት በአንድ ጊዜ ስለሆነ በአንድ ወገን ይቀመጣሉ፤ ይህም ከብሮሚኑ ድልድይ ጋር ሲነጻጸር ግልጽ ይሆንልሻል። የውሃውን መጨመር አሁን ራስሽ ትጨርሽዋለሽ። አሲድ ፕሮቶን ይሰጣል፣ ፕሮቶኑ ዳር ይገባል፣ ውሃው ጉድለቱን ይሞላል። በፋብሪካ ኤቲሊንን ፎስፈሪክ አሲድ ባለበት፣ በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ከእንፋሎት ጋር አገናኝተው ኤታኖል ይሠሩበታል።

ተማሪዋ፦ ሃይድሮጅንስ? እዚያ ላይ ኤሌክትሮን ፈላጊ አይታየኝም። ሃይድሮጅን ጋዝ ዝም ያለ ነገር ነው።

መምህሩ፦ ስለዚህም ነው ብቻውን የማይሠራው። ኤቲሊንና ሃይድሮጅን ሲዋሐዱ በሞል 137 ኪሎጁል ይወጣል፤ ትርፉ ትልቅ ነው። ግን አንድ ጠርሙስ ውስጥ ብትዘጊባቸው ተያይተው ይቀመጣሉ፤ የሚጀምርላቸው የለም። ኒኬል፣ ፕላቲነም ወይም ፓላዲየም ሲገባ፣ ብረቱ ሃይድሮጅኑን በገጹ ላይ ለሁለት ይከፍለዋል፤ አልኪኑንም በፓይ ደመናው ይይዘዋል። ፖል ሳባቲዬ በዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1912 ኖቤል ተካፈለ። ከዚያ በፊት በ1902 ጀርመናዊው ዊልሄልም ኖርማን ፈሳሽ ዘይትን በሃይድሮጅን ማርጋትን በፓተንት አስመዝግቦ ነበር።

ተማሪዋ፦ ማርጋሪን። ግን ድርቡ ቦንድ ከጠፋ ስብ የተሟላ ይሆናል። ትራንስ የሚባለው ስብ ታዲያ ከየት መጣ?

መምህሩ፦ አሁን ቅርጹና ሪአክሽኑ የሚገናኙበት ቦታ ደረስሽ። ፋብሪካው ዘይቱ እንዲለሰልስ ስለሚፈልግ ሁሉንም ድርብ ቦንድ አይሞላም፤ መሐል ላይ ያቆመዋል። በኒኬሉ ገጽ ላይ አንድ ሃይድሮጅን ገብቶ ሁለተኛው ገና ሳይገባ ያለውን ሁኔታ አስቢው።

ተማሪዋ፦ በዚያ ጊዜ ፓይው የለም። ቦንዱ ነጠላ ነው፤ መዞር ይችላል።

መምህሩ፦ ያ የመጀመሪያው እርምጃ ደግሞ ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። ሃይድሮጅን ተመልሶ ሲወጣ...

ተማሪዋ፦ ድርቡ ቦንድ እንደገና ይሠራል፤ ግን ሰንሰለቱ ስለዞረ ሲስ የነበረው ትራንስ ሆኖ ይወጣል። ትራንስም የበለጠ የሚጸናው ነው።

መምህሩ፦ ለአሥርት ዓመታት ሰው ይህን ስብ ከቅቤ የተሻለ ነው እየተባለ በላው። በኋላ መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ፣ ጥሩውን ዝቅ እንደሚያደርግ ታወቀ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 በፋብሪካ የሚመጣ ትራንስ ስብ ከምግብ እንዲወገድ ጥሪ አቀረበ። አንቺ ፋርማሲስት ትሆኛለሽ። በአንድ ቦንድ ዙሪያ የአንድ አፍታ መዞር የሰው ልብ ላይ እንደሚደርስ ማወቅ ይገባሻል።

ተማሪዋ፦ ታዲያ ብዙ ድርብ ቦንድ ያለው ዘይት ሁልጊዜ ይሻላል ማለት ነው?

መምህሩ፦ አይደለም፤ ዋጋ አለው። በሁለት ድርብ ቦንዶች መካከል ያለ ካርቦን ሃይድሮጅኑን በቀላሉ ያጣል፤ የሚቀረው ራዲካል በሁለቱም ድርብ ቦንዶች ላይ ተዘርግቶ ስለሚጸና ነው። ኦክስጅን በዚያ በር ይገባል። የኑግ ዘይት ክዳኑ ተከፍቶ ብርሃን ላይ ሲቆይ ሽታው የሚለወጠው በዚህ ነው። ሦስት ድርብ ቦንድ ያለው ሊኖሌኒክ አሲድ የሚበዛበት የተልባ ዘይት ደግሞ ከአየር ጋር ሲገናኝ ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ ይታሰሩና ይደርቃል፤ የአውሮፓ ሠዓልያን የዘይት ቀለማቸውን ለዘመናት የሠሩት በሱ ነው። ለምግብ ጉዳት የሆነው ለቀለም ጥቅም ሆነ።

ተማሪዋ፦ ወረቀቴ መጨረሻ ላይ ፖሊመር አለ። ብዙ ኤቲሊኖች ተያይዘው ፖሊኤቲሊን ይሆናሉ። ይህንን አውቀዋለሁ፤ ፌስታል ነው።

መምህሩ፦ ከምታስቢው በላይ ይነግርሻል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1933 በእንግሊዝ አገር፣ በዊኒንግተን፣ ፎሴትና ጊብሰን የሚባሉ ኬሚስቶች ኤቲሊንን ከቤንዛልዲሃይድ ጋር በከባድ ግፊት ለማዋሐድ ሲሞክሩ በዕቃው ውስጥ ሰም የመሰለ ነጭ ነገር አገኙ። ኤቲሊኑ ራሱን ከራሱ ጋር አያይዞ ነበር። ካርል ዚግለር እ.ኤ.አ. በ1953 ያን ግፊት የማይፈልግ ካታሊስት አገኘ፤ ሰንሰለቶቹ ቅርንጫፍ ስለማያወጡ ተጠጋግተው ይደረደራሉ፣ የጀሪካኑ ጠንካራ ፖሊኤቲሊን ይሆናሉ። ጁሊዮ ናታ ደግሞ በፕሮፒሊን ቀጠለ፤ እህል የምንይዝበት ማዳበሪያ የሚሸመነው ከፖሊፕሮፒሊን ነው። ሁለቱ በ1963 ኖቤል ተካፈሉ። አሁን ጥያቄዬ፦ ፌስታል ውስጥ ስንት ድርብ ቦንድ አለ?

ተማሪዋ፦ ስሙ ፖሊኤቲሊን ስለሆነ... አይ። እያንዳንዱ ኤቲሊን ፓይውን ከፍቶ ከጎረቤቱ ጋር ሲግማ ሠርቷል። የለም ማለት ይቻላል። 264ቱን ሰጥቶ 347ቱን አገኘ፤ በእያንዳንዱ ኤቲሊን 83 ያህል ትርፍ ነው። ቅድም የጎደለችው 83!

መምህሩ፦ በልኬትም ከዚህ ብዙ የማይርቅ ሙቀት ይወጣል። እንግዲህ ፌስታል መሬት ላይ ለምን አይበሰብስም?

ተማሪዋ፦ ደካማው ቦንድ የለማ። ኤሌክትሮን ፈላጊ ቢመጣ የሚይዘው የተጋለጠ ደመና የለም፤ ኦክስጅንም ቢመጣ ቀላል በር አያገኝም። የቀረው ጠንካራ ሲግማ ብቻ ነው። ኤቲሊን ችኩል ነበር፤ ከኤቲሊን የተሠራው ነገር ግን ምንም አይነካውም።

መምህሩ፦ ለምርት የወደድነው ባሕርይና ለመሬታችን የጠላነው ባሕርይ አንድ ነው። ይህን የተረዳ ሰው ፌስታልን ከመጀመሪያው በቁጠባ ይጠቀማል፤ የሚተካውንም ሲያስብ ኦክስጅንና ጥቃቅን ተሕዋስያን የሚገቡበት በር ያለው ቁስ ይፈልጋል። አሁን ወረቀትሽ ላይ የሌለ ጥያቄ ልስጥሽ። ያልበሰለ አቮካዶ ከበሰለ ሙዝ ጋር በአንድ ከረጢት ሲቀመጥ ለምን ቶሎ ይበስላል?

ተማሪዋ፦ ሙዙ ኤቲሊን ስለሚያወጣ። ኤቲሊን የተክል ሆርሞን ነው።

መምህሩ፦ እ.ኤ.አ. በ1901 ዲሚትሪ ኔልዩቦቭ በፒተርስበርግ የአተር ቡቃያዎቹ በጋዝ መብራት በሚበራ ክፍል ውስጥ እየተጠማዘዙ ሲያድጉ አይቶ፣ ጥፋተኛው ከመብራቱ ጋዝ የሚመጣ ኤቲሊን መሆኑን ለየ። ተክሉ ራሱ ኤቲሊን እንደሚሠራ የታወቀው በኋላ ነው። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ኤቲሊን ስድስት አቶም ብቻ ነው። ቻርጅ የለው፣ ኦክስጅን የለው፣ ናይትሮጅን የለው። ተክሉ በምን ይዞ ያውቀዋል? የሚይዘው ፕሮቲን ውስጥ ምን መኖር አለበት?

ተማሪዋ፦ አልተማርነውም።

መምህሩ፦ አውቃለሁ። ወረቀቱን ሳትከፍቺ አስቢ።

ተማሪዋ፦ ኤቲሊን ያለው የሚሰጥ ነገር ፓይ ደመናው ብቻ ነው። ስለዚህ የሚይዘው ኤሌክትሮን ፈላጊ መሆን አለበት። ግን እንደ ብሮሚን ቢሆን ቦንዱን አጥፍቶ ሌላ ነገር ያደርገዋል፤ ሆርሞን ደግሞ ተይዞ መለቀቅ አለበት። ቅድም ኒኬሉ አልኪኑን በደመናው ይይዘዋል ብለውኛል። ብረት ነው? የብረት አዮን?

መምህሩ፦ የመዳብ አዮን ነው። የኤቲሊን መቀበያው ፕሮቲን በውስጡ መዳብ ይዟል፤ ኤቲሊን የፓይ ኤሌክትሮኑን ለመዳቡ እያጋራ እዚያ ይቀመጣል። የብር አዮን በመዳቡ ቦታ ሲገባ ምልክቱ ይቋረጣል፤ የተቆረጠ አበባ ቶሎ እንዳይጠወልግ በብር ውሑድ የሚነክሩት ለዚህ ነው። ከኛ አገር ጽጌረዳ እየቆረጠ ወደ ውጭ ለሚልክ ሁሉ ኤቲሊን የሥራ ጉዳይ ነው።

ተማሪዋ፦ ያልተማርኩትን መለስኩ።

መምህሩ፦ የመለስሽው አራት ጥያቄ ስለጠየቅሽ ነው፦ ደካማው ኤሌክትሮን የት ነው፣ ማን ይፈልገዋል፣ ቀድሞ የሚገባው የቱ ነው፣ ከገባ በኋላ የቀረው በምን ይጸናል። አራቱ ፈተናሽን ያሳልፉሻል፤ ግን ሁሉንም አይመልሱም። ካራሽና ሜዮ ፐርኦክሳይዱን ያገኙት በማሰብ ብቻ አይደለም፤ ዕቃቸውን አጥርተው፣ አየር አስወጥተው፣ ደጋግመው በመሥራት ነው። ጥያቄው ወዴት እንደምትመለከቺ ይነግርሻል፤ እውነቱን የሚነግርሽ ሙከራው ነው።

ተማሪዋ፦ ወረቀቱንስ ምን ላድርገው?

መምህሩ፦ ከጎኑ ባዶ ዐምድ ጨምሪበትና በእያንዳንዱ ሪአክሽን ፊት ቀድሞ የገባው ማን እንደሆነ ጻፊ። ኦዞንና ፐርማንጋኔትን አልነካናቸውም፤ እነሱን ለብቻሽ ሥሪያቸው። ሁለቱም ኤሌክትሮን የራባቸው ኦክስጅኖች ይዘው ነው የሚመጡት። ነገ ስትመጪ ኦዞን ድርቡን ቦንድ ለምን ለሁለት እንደሚቆርጠው አንቺ ታስረጂኛለሽ።